ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ስለ ፕሮሰስ አስተዳደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች፣ በተለይ ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጁት፣ ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ይመሳሰላሉ። ሰርቨር እንዲጠብቁ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች የሚጠይቁትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነዚያን ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከሊኑክስ የተወሰዱ ናቸው፤ ሊኑክስ ውስጡ ክፍት ስለሆነ የምናገረውን ሁሉ በራሳችሁ ማሽን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ግን ይህን ነው፦ ትርጉም ከመሸምደዳችሁ በፊት ፕሮሰስ ምን እንደሆነ በደንብ ያዙ። ስኬጁለሩም፣ ሜሞሪውም፣ ዴድሎኩም፣ ዞምቢውም ከእሱ ነው የሚመዘዘው።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ማከፋፈል ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን ለሚፈልጉት ፕሮግራሞች ያካፍላል። ሁለተኛው መጠበቅ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዳያነብ፣ እንዳያበላሽ፣ ማሽኑንም ለብቻው ይዞ እንዳይቀር ይከላከላል። የመጀመሪያውን ፈተና ላይ ሁሉም ይጽፈዋል፣ ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ዋናው ነገር ሁለተኛው ነው እላለሁ። ማከፋፈል ብቻ ቢሆን ኖሮ በፕሮግራሞቹ ጨዋነት መተማመን በቻልን ነበር። ተሞክሯልም። በዊንዶውስ 3.1 እና በማክ ኦኤስ እስከ 9ኛው ስሪት ድረስ ተራውን የሚለቀው ራሱ ፕሮግራሙ ነበር፤ አንዱ አልለቅም ካለ ሁሉም ነገር ድርቅ ብሎ ይቀራል። ማክ ከዚህ ጣጣ የተገላገለው በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ ሲወጣ ነው። ዛሬ ታይመሩ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ፕሮሰሰሩን ያቋርጥና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ለሆነው ለከርነሉ ያስረክበዋል፤ ፕሮግራሙ ወደደም ጠላም።

ፕሮግራምና ፕሮሰስ በምን ይለያያሉ?

ፕሮግራም ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው። ፕሮሰስ ደግሞ ያ ፋይል ራም ላይ ወጥቶ በሥራ ላይ ሲሆን ነው። አንዱን ፕሮግራም ሦስት ቦታ ብትከፍቱት ሦስት ፕሮሰስ ይኖራችኋል፤ እያንዳንዱ የየራሱ መለያ ቁጥር፣ የየራሱ ሜሞሪ፣ የየራሱ የተከፈቱ ፋይሎች ይኖሩታል።

ከርነሉ ስለ አንድ ፕሮሰስ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ መዝገብ ይይዛል። መማሪያዎቹ ፒሲቢ (ፕሮሰስ ኮንትሮል ብሎክ) ይሉታል፣ ሊኑክስ ውስጥ ስሙ ታስክ ስትራክት ነው። መለያ ቁጥሩ፣ የወላጁ ቁጥር፣ ያለበት ሁኔታ፣ የሬጅስተሮቹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ይዘት፣ የሜሞሪ ካርታው፣ የከፈታቸው ፋይሎች፣ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ፣ ይህ ሁሉ እዚያ አለ። ተራው ሲያልቅ በሬጅስተሮቹ ውስጥ የነበረው ነገር መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፣ ተራው ሲመለስ ደግሞ ከዚያው ተነብቦ ካቆመበት ይቀጥላል። ፕሮሰሱ መቋረጡን እንኳ አያውቅም። ኮንቴክስት ስዊች የሚባለው ይኸው ነው።

የፕሮሰስ ሁኔታዎች አምስት ናቸው ወይስ ሰባት?

እንደ መማሪያው ነው። አምስት የሚለው አዲስ፣ ዝግጁ፣ በሥራ ላይ፣ በመጠበቅ ላይና ያበቃ ብሎ ይከፍላል። ሰባት የሚለው ከራም ወደ ዲስክ የወጡትን ሁለት ዓይነቶች ይጨምራል። ፈተናው የትኛውን እንደሚፈልግ ከጥያቄው ይታወቃል፤ በዚህ ብዙ አትጨነቁ።

ይልቅ ተርሚናል ከፍታችሁ ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና የሁኔታውን ዓምድ ተመልከቱ። ከመቶ በላይ ፕሮሰስ ተደርድሮ ታያላችሁ፤ አብዛኛው ፊት ለፊቱ ኤስ ተጽፎበታል፣ ተኝቷል ማለት ነው። አንዱ የቁልፍ ሰሌዳ ይጠብቃል፣ ሌላው ከኔትወርክ የሚመጣ ነገር ይጠብቃል፣ ሌላው ሰዓቱ እስኪደርስ ነው። አር የተጻፈበት አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ሊኑክስ በሥራ ላይ ያለውንና ዝግጁ ሆኖ የተሰለፈውን ሁለቱንም አር ይላቸዋል። ቲ እንዲቆም የተደረገ ነው። ዜድ ዞምቢ ነው። ዲ ደግሞ ሊቀሰቀስ የማይችል እንቅልፍ ላይ ያለ ነው፤ ወደ ሁለቱ እመለስባቸዋለሁ።

ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ጽፌ ኢንተር ስጫን ከውስጥ ምን ይካሄዳል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱን ደረጃ በደረጃ የተከታተለ ሰው ፕሮሰስን በእጁ ይዞ ያየ ያህል ነው።

ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስ የሚለውን ትእዛዝ ጻፋችሁ እንበል። ትእዛዝ ተቀባዩ ሼል የሚባል ፕሮሰስ ነው፤ ቁጥሩ 2140 ይሁን። ሼሉ የጻፋችሁትን ያነብና ፎርክ የሚለውን ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ) ይጠራል። ከርነሉ የሼሉን ግልባጭ ይሠራል፣ ለአዲሱ 2187 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል። አሁን ሁለት ሼሎች አሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ኮድ፣ አንድ ዓይነት ዳታ ይዘው ከአንድ መስመር ላይ ይቀጥላሉ። ማን ወላጅ፣ ማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት ፎርክ በመለሰላቸው ቁጥር ነው፤ ለወላጁ 2187 ይመልስለታል፣ ለልጁ 0።

0 ያገኘው ልጅ ኤግዜክ የሚለውን ይጠራል። በዚህ ጊዜ ከሼሉ የተገለበጠው ሜሞሪ ይጣልና በምትኩ የኤልኤስ ፕሮግራም ይጫናል። መለያ ቁጥሩ ግን ያው 2187 ነው፤ ሰውየው ያው ነው፣ ሥራው ነው የተለወጠው። ወላጁ በበኩሉ ዌይት ብሎ ይተኛል። ኤልኤስ ዝርዝሩን አውጥቶ ሲጨርስ ኤግዚት ይልና 0 የሚል የመውጫ ኮድ ትቶ ይሄዳል። ከርነሉ ሼሉን ይቀሰቅሰዋል፣ ሼሉ ኮዱን ይረከባል፣ እናንተም ቀጣዩን ትእዛዝ የምትጽፉበት መስመር ይወጣላችኋል። ትእዛዙ መጨረሻ ላይ የ& ምልክት ብታክሉበት ሼሉ ዌይት ሳይል ወዲያው ይመለሳል፤ ከበስተጀርባ መሥራት ማለት ይኸው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ሊጣል ነገር ለምን ይገለበጣል? የሚል ነው። አንደኛ፣ በእውነቱ አይገለበጥም። ሁለቱ ፕሮሰሶች ያንኑ የራም ገጽ (ራም ተከፋፍሎ የሚታደልበት ትንሽ ክፍል) ለንባብ ብቻ ይጋሩታል፤ ገጹ የሚገለበጠው አንዳቸው ሊጽፉበት ሲነሡ ነው። ሁለተኛ፣ በፎርክና በኤግዜክ መካከል ያለችው ቅጽበት ውድ ናት። ልጁ በዚያች ጊዜ ውጤት የሚወጣበትን መስመር ዘግቶ በምትኩ ፋይል ሊከፍት ይችላል፤ ኤልኤስ ከዚያ በኋላ ሲሠራ የሚጽፈው ስክሪን ላይ ይሁን ፋይል ላይ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። የዩኒክስ ውበት እዚህ ላይ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 በቤል ላብስ ዩኒክስን በፒዲፒ 7 ማሽን ላይ ሲጀምሩ ፎርክን የወሰዱት በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከተሠራ የጊዜ መጋሪያ ሲስተም ነው። ዊንዶውስ በሌላ መንገድ ሄዷል፤ ክሪኤት ፕሮሰስ በሚል አንድ ጥሪ ሁሉንም በአንዴ ይፈጽማል፣ በዚህም የተነሣ ጥሪው የሚቀበለው የመረጃ ዝርዝር ረጅም ነው።

ፎርክ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ቢጠራ ስንት ፕሮሰስ ይኖራል?

8፤ የመጀመሪያውን ጨምሮ። አዲስ የተፈጠሩት 7 ናቸው። ጥያቄው የትኛውን እንደሚፈልግ ደግማችሁ አንብቡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ሳይሆን እዚያ ላይ ነው።

ትሬድስ? ከፕሮሰስ በምን ይለያል?

ትሬድ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱ የሥራ መስመሮች አንዱ ነው። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶች ሜሞሪውንና የተከፈቱትን ፋይሎች ይጋራሉ፤ ለየብቻቸው ያላቸው ስታክ (የተጠሩት ፈንክሽኖች መረጃ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) እና ሬጅስተር ነው። ስለዚህ ትሬድ መፍጠር ይረክሳል፣ በመካከላቸው መረጃ መለዋወጥም ይፈጥናል። ዋጋው ግን አለ፤ አንዱ ትሬድ ሜሞሪውን ካበላሸ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። ክሮም በ2008 ሲወጣ ታቦችን በተለያዩ ፕሮሰሶች ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ አንድ ገጽ ቢወድቅ ሌሎቹ እንዲተርፉ። በምላሹ ብዙ ራም ይበላል።

ሌላው የትሬድ ፈተና ሬስ ኮንዲሽን ነው። ሒሳብ ላይ 1000 ብር አለ እንበል። አንዱ ትሬድ 500 ሊያስገባ፣ ሌላው 200 ሊያወጣ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። የመጀመሪያው 1000 አነበበ። ደምሮ ሳይጽፍ ተራው አለቀ። ሁለተኛው መጣ፣ እሱም 1000 አነበበ፣ 200 ቀንሶ 800 ጻፈ። የመጀመሪያው ተመለሰ፤ እሱ የሚያውቀው 1000ን ነውና 1500 ጻፈ። ትክክለኛው 1300 ነበር። ወጪ የተደረገው 200 ብር ከሒሳቡ ላይ ሳይቀነስ ቀረ። የሚያስፈራው ነገር ይህ ስህተት ሁልጊዜ አለመታየቱ ነው፤ ሲፈተን ሺህ ጊዜ በትክክል ሠርቶ ሥራ በበዛበት ቀን ብቅ ይላል። መፍትሔው ከማንበብ እስከ መጻፍ ያለውን ክፍል በሎክ መጠበቅ ነው፣ አንድ ትሬድ ውስጥ ሳለ ሌላው ደጅ ይጠብቃል።

ስኬጁለር ተራውን ለማን እንደሚሰጥ እንዴት ይወስናል?

በቁጥር እንየው። ሦስት ፕሮሰሶች በአንድ ጊዜ ደረሱ፤ ሀ 30 ሚሊሰከንድ፣ ለ 4፣ ሐ 2 ሚሊሰከንድ ይፈልጋሉ። በመጡበት ቅደም ተከተል ብናስተናግዳቸው ሀ ምንም አይጠብቅም፣ ለ 30፣ ሐ ደግሞ 34 ይጠብቃል፤ አማካዩ 21.3 ነው። አጭሩን እናስቀድም ብንል ሐ 0፣ ለ 2፣ ሀ 6 ይጠብቃሉ፤ አማካዩ ወደ 2.7 ይወርዳል። እያንዳንዱ 4 ሚሊሰከንድ እየሠራ ተራ ይልቀቅ ብንል ደግሞ ሀ 6፣ ለ 4፣ ሐ 8 ይጠብቃሉ፤ አማካዩ 6 ይሆናል።

ከቁጥሩ ተነሥቶ አጭሩን ማስቀደም ይበልጣል ማለት ይቀናል። በወረቀት ላይ እውነት ነው። በተግባር ግን ፕሮሰስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ተናግሮ አይመጣም፤ አጫጭር ሥራ እየጎረፈ ከመጣም ረጅሙ እንደተሰለፈ ይቀራል። በየተራ ማዳረስ አማካዩ ላይ ትንሽ ቢጎዳም ማንንም አይረሳም፣ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ለሚጠቀምበት ማሽን ደግሞ ዋናው ይህ ነው። የተራው ርዝመትም ልክ ይፈልጋል። በጣም ካጠረ ጊዜው በኮንቴክስት ስዊች ያልቃል፣ በጣም ከረዘመ በመጡበት ቅደም ተከተል ከማስተናገድ አይለይም።

ሊኑክስ ከ2007 ጀምሮ፣ ከ2.6.23 ስሪት ወዲህ ማለት ነው፣ ኢንጎ ሞልናር የጻፈውን ሲኤፍኤስ የተባለ ስኬጁለር ይጠቀም ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ምን ያህል ፕሮሰሰር እንደተጠቀመ ይቆጠራል፣ ቀጣዩ ተራ እስካሁን ትንሽ ለደረሰው ይሰጣል። በ2023 በወጣው 6.6 ስሪት ቦታውን ኢኢቪዲኤፍ ወሰደ፤ እሱ የደረሰውን ድርሻ ከመቁጠር በተጨማሪ ምላሽ መቼ መድረስ እንዳለበት ቀነ ገደብ ያሰላል። በሁለቱም ናይስ የሚባለው ቁጥር ክብደት ይሰጣል፤ ከ−20 እስከ 19 ይደርሳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፕሮሰሱ ለሌላው ይለቃል። ሌሊት ባክአፕ የሚያደርግ ሥራ ካላችሁ 19 ስጡት፤ በዚያ ሰዓት ሰርቨሩን የሚጠቀም ሰው አይከፋም።

ዞምቢ ፕሮሰስን በኪል 9 (ፕሮሰስን በግድ በሚያጠፋው ትእዛዝ) ብመታው አይሞትም። ለምን?

ሞቷላ! ዞምቢ ሥራውን ጨርሶ፣ ሜሞሪውን አስረክቦ የሄደ ፕሮሰስ ነው። የቀረው የከርነሉ መዝገብ ላይ ያለችው መስመር ብቻ ናት፤ እሷም የምትቆየው ወላጁ ዌይት ብሎ የመውጫ ኮዱን እስኪረከብ ነው። ወላጁ ካልተረከበ መስመሯ ትቀራለች።

አንድ ሁለት ዞምቢ ምንም አይጎዳም። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን መለያ ቁጥር ያልቃል፣ አዲስ ፕሮሰስ መፍጠርም ይቆማል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ወላጁ ነው። ስህተቱ ያለው በእሱ ኮድ ውስጥ ነው፤ ለጊዜው እሱን ማጥፋት ዞምቢዎቹን ያጠፋል፣ ምክንያቱም ወላጅ የሌላቸውን ልጆች 1 ቁጥር ፕሮሰስ ያሳድጋል፣ ዌይት እያለም ያሰናብታቸዋል። በብዙ ሊኑክሶች 1 ቁጥር ሲስተምዲ ነው። ዶከር የምትጠቀሙ ልብ በሉ፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ 1 ቁጥር የሚሆነው የራሳችሁ አፕሊኬሽን ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ የሌሎችን ልጆች የማሰናበት ልማድ የለውም። ኮንቴይነር ውስጥ ዞምቢ ሲከማች ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

ዞምቢ ያልሆነ ፕሮሰስስ ኪል 9 አልሰማ የሚለው መቼ ነው?

ዲ ሁኔታ ላይ ሲሆን። ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ ድራይቭ መልስ እየጠበቀ ከርነሉ ውስጥ ቆሟል፤ መልሱ እስኪመጣ ሲግናሉ (በኪል የተላከለት መልእክት) ይቆየዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ አይደለም፣ የዲስኩ ወይም የኬብሉ ነው።

በነገራችን ላይ ኪል 9ን መጀመሪያ አትምዘዙ። 15 ቁጥር ሲግናል ፕሮሰሱ ፋይሉን ዘግቶ፣ ዳታውን ጽፎ እንዲወጣ ይጠይቀዋል። 9 ቁጥር ግን ለፕሮሰሱ ምንም ዕድል አይሰጠውም፤ ከርነሉ ባለበት ይቆርጠዋል። ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ይህ ሲነሣ ረጅም ጥገና እንዲያካሂድ ያስገድደዋል። 15 ላኩ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ እምቢ ካለ ብቻ 9።

ዴድሎክ መቼ ይከሰታል? ኦፕሬቲንግ ሲስተሙስ ለምን አይከላከልም?

ዴድሎክ ማለት ፕሮሰሶች አንዱ የያዘውን ሌላው እየጠበቀ ሁሉም ቆመው ሲቀሩ ነው። ኮፍማንና ባልደረቦቹ በ1971 አራት ሁኔታዎችን አስቀምጠዋል፣ አራቱም በአንድ ላይ ካልተገኙ ዴድሎክ የለም። ሀብቱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ፣ አንዱን እንደያዙ ሌላውን መጠበቅ፣ የተያዘውን በግድ መንጠቅ አለመቻሉ፣ እና ዞሮ የሚገጥም የመጠባበቅ ክብ።

የባንከር አልጎሪዝም፣ ሀብት ከመስጠቱ በፊት ዴድሎክ ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሰላው ዘዴ፣ ፈተና ላይ ይመጣልና አጥኑት፤ በተግባር ግን አጠቃላይ አገልግሎት የሚሰጡ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አይጠቀሙበትም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ምን ያህል እንደሚፈልግ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፣ ይህ ደግሞ አይሆንም። የሚሠራበት መፍትሔ አራተኛውን ሁኔታ ማፍረስ ነው፤ ሎኮቹን ቅደም ተከተል ሰጥቶ ሁሉም ፕሮግራመር በዚያው ቅደም ተከተል እንዲይዛቸው ማድረግ። የሊኑክስ ከርነል ጸሐፊዎች ራሳቸው ይህን ሥርዓት ይከተላሉ፣ ሎክዴፕ የሚባል መቆጣጠሪያም አላቸው፤ ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ኮድ ሲያይ ዴድሎኩ ከመከሰቱ በፊት ያስጠነቅቃል።

ፕራዮሪቲ ኢንቨርዥን (የቅድሚያ መገለባበጥ) በእውነተኛ ሥራ ላይ አጋጥሞ ያውቃል?

አጋጥሟል፣ ያውም ማርስ ላይ። የናሳው ፓዝፋይንደር ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ አረፈ። የአየር ሁኔታ መረጃ መሰብሰብ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ ይነሣ ጀመር። ውስጡ የነበረው ቪኤክስወርክስ የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። የአየር ሁኔታውን የሚሰበስበው ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ታስክ የጋራውን ሎክ ይይዛል። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው፣ የመረጃ መስመሩን የሚያስተዳድረው ታስክ ያንኑ ሎክ ፈልጎ ይቆማል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም፤ ዝቅተኛው ቶሎ ጨርሶ ይለቃል። ነገር ግን መካከለኛ ቅድሚያ ያለው የመገናኛ ታስክ ይነሣና ዝቅተኛውን ያቋርጠዋል። ዝቅተኛው አይሠራም፣ ስለዚህ ሎኩን አይለቅም፤ ከፍተኛውም ከመካከለኛው በታች ወርዶ ይጠብቃል። ዋና ሥራው አለመጠናቀቁን የሚከታተለው ሰዓት ይህን ሲያይ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሣዋል።

ጄፒኤል የተባለው የናሳ ላብራቶሪ መሐንዲሶች ምድር ላይ ባላቸው ተመሳሳይ ማሽን ላይ ችግሩን ደገሙት፣ ምክንያቱንም አገኙ። መፍትሔው ሎኩ ላይ ተዘግቶ የነበረውን የቅድሚያ ውርስ መክፈት ነበር፤ ዝቅተኛው ሎኩን እስከያዘ ድረስ የሚጠብቀውን ታስክ ቅድሚያ ይዋሳል። ማስተካከያውን ከምድር ልከው ፓዝፋይንደር ሥራውን ቀጠለ። መማሪያ ላይ በሁለት መስመር የሚታለፍ ነገር ስንት እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሰርቨሬ ላይ ነፃ ራም አልቋል ይላል። ልጨነቅ?

ምናልባት አያስጨንቅም። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራም አይወድም፣ ከዲስክ የተነበቡ ፋይሎችን ያስቀምጥበታል፤ ፕሮሰስ ሲፈልግ ወዲያው ይለቅለታል። ስለዚህ ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ስትጠቀሙ ፍሪ የሚለውን ዓምድ ትታችሁ አቬይለብል የሚለውን እዩ።

አቬይለብል ሲያልቅ ነው ችግሩ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የሚያየው አድራሻ የራሱ ነው፤ ከርነሉና ፕሮሰሰሩ በ4096 ባይት ገጽ እየከፈሉ ወደ እውነተኛው ራም ይተረጉሙታል። ሊኑክስ ለፕሮሰሶች ካለው ራም በላይ ቃል ይገባል፣ የጠየቁትን ሁሉ እንደማይጠቀሙበት ስለሚያውቅ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቃሉን ሲጠይቁት ግን መጀመሪያ ገጾችን ወደ ስዋፕ (ለዚህ ወደተመደበ የዲስክ ቦታ) ያወጣል፣ ማሽኑም ዲስክ ላይ እየተመላለሰ ይንፏቀቃል። ያም ካለቀ ኦኦኤም ኪለር (ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ የሚገድለው የከርነሉ ክፍል) ይነሣል፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ነጥብ ሰጥቶ ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ይገድላል። ብዙውን ጊዜ ትልቁ ራም በላተኛ ዳታቤዙ ነውና የሚሞተው እሱ ነው። ዳታቤዝ ሌሊት ያለ ምንም ምልክት ጠፍቶ ካገኛችሁ የከርነሉን ሎግ ተመልከቱ፣ ማን እንደገደለው እዚያ ተጽፏል። ነጥቡን ከ−1000 እስከ 1000 ማስተካከል ይቻላል፤ −1000 የተሰጠው አይነካም።

ስልኬ ላይ ክፍት አፖችን ሁልጊዜ ጠርጌ እዘጋለሁ። ባትሪ ይቆጥባል?

ባብዛኛው ያባክናል። አንድሮይድ ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ እያንዳንዱ አፕ የራሱ ፕሮሰስና የራሱ የተጠቃሚ ቁጥር አለው። ስልኩ ሲነሣ ዛይጎት የሚባል ፕሮሰስ የጋራ ላይብረሪዎችን ጭኖ ይጠብቃል፣ አፕ ስትከፍቱ እሱ ፎርክ ያደርጋል። ከላይ ያየነው ገጽ መጋራት እዚህ ይጠቅማል፤ የጋራው ክፍል ራም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣል።

የወጣችሁበት አፕ ራም ላይ ቢቆይም ፕሮሰሰር አይሰጠውም ማለት ይቻላል፤ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ሲስተሙ ማቀዝቀዝ፣ ማለት ጨርሶ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግም ይችላል። ራም ሲጠብ ራሱ አንድሮይድ የማይፈለገውን ይገድላል። ጠርጋችሁ የዘጋችሁትን ቴሌግራም ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ስትከፍቱት ግን ከባዶ ይነሣል፣ ፕሮሰሰሩም ይደክማል። መዝጋት የሚገባው የተበላሸውን፣ ስልኩን የሚያሞቀውን አፕ ነው።

ብራውዘር ሲወድቅ እሱ ብቻ ይዘጋል፤ ሌላ ጊዜ ግን ማሽኑ በሙሉ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

የወደቀው ኮድ የት ነበር የሚለው ነው። ፕሮሰሰሩ ቢያንስ ሁለት የሥልጣን ደረጃ አለው። ብራውዘሩ በተጠቃሚ ደረጃ ይሠራል፤ ዲስክም ሆነ ኔትወርክ ሲፈልግ በሲስተም ኮል ከርነሉን ይጠይቃል። ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ከነካ ከርነሉ ይገድለውና ሌላው ይቀጥላል። በከርነል ደረጃ የሚሠራ ኮድ ሲሳሳት ግን ከበላዩ የሚያርመው የለም፤ ማቆሙ ዳታ ከማበላሸት ይሻላል።

ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነው ይህ ነው። የክራውድስትራይክ የደኅንነት ሶፍትዌር በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ይሠራል፤ የተላከለት ዝማኔ ከተፈቀደው ወሰን ውጪ ያለ ሜሞሪ እንዲያነብ አደረገው፣ ማሽኖቹም ወደቁ። ማይክሮሶፍት ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ማሽኖች እንደተጎዱ ገምቷል፤ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጎለ።

ከርነል ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። በጃንዋሪ 1992 የኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮፌሰሩ አንድሩ ታነንባውም ሊኑክስ ሁሉንም አንድ ላይ የያዘ ከርነል በመሆኑ ያረጀ ንድፍ ነው ብሎ ጻፈ፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም መለሰለት። ማይክሮከርነል የሚባለው ድራይቨሮችንና የፋይል ሲስተሙን ወደ ተጠቃሚ ደረጃ ያወጣል፤ አንዱ ቢወድቅ እሱ ብቻ እንደገና ይነሣል፣ ዋጋው በመካከል ያለው የመልእክት ምልልስ ነው። ሊኑክስ በገበያው አሸንፏል፣ ያ ግን ታነንባውም ስለ ደኅንነት ያነሣውን ነጥብ አያፈርሰውም። ስህተት የሰው ሕይወት በሚያስከፍልበት ቦታ፣ እንደ መኪና ባሉ ማሽኖች፣ ኪውኤንኤክስን የመሰለ ማይክሮከርነል የሚመረጠው በምክንያት ነው።

ከየት ልጀምር? ምን ልሥራ?

የራሳችሁን ትንሽ ሼል በሲ ጻፉ። መስመር ያንብብ፣ ፎርክ ያድርግ፣ ኤግዜክ ይጥራ፣ ዌይት ይበል፤ ከመቶ መስመር ኮድ አይበልጥም። ከዚያ ውጤትን ወደ ፋይል መላክን ጨምሩበት፣ ቀጥሎም የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብለውን ፓይፕ። ሲሠራላችሁ ዌይትን ሆን ብላችሁ አውጡትና በሌላ ተርሚናል ፒኤስ ብላችሁ ዜድ የሚለውን ፈልጉ። ከዚህ ያለፈ ለሚፈልግ ኤምአይቲ ለማስተማሪያ ያዘጋጀው ኤክስቪ6 የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ፤ ኮዱ በነፃ ይገኛል፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሴሚስተር ሊነበብ የሚችል ነው። መጀመሪያ የስኬጁለሩን ፋይል ክፈቱ፤ አጭር ነው፣ በየተራ የማዳረስ አሠራርን ያለ ምንም ጌጥ ያሳያል።